ዘፈኑን የወደደ ዘፋኙን ያክብር

ደጀን በጎጃም ምድር ከዓባይ ሸለቆ አፋፍ በላይ የተቀመጠች የደጋ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚሄድ መንገደኛ ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል ወርዶ የዓባይን ድልድይ ይሻገራል፤ ከዚያም ጠመዝማዛውን ዳገት ወጥቶ ደጀን ሲደርስ ነፋሱ ይቀዘቅዝለታል፤ ሜዳውም ይሰፋለታል። በጥር ወር እህሉ ታጭዶ በየአውድማው ይወቃል። ገበሬው የዓመት ድካሙን ዋጋ የሚያይበት ጊዜ ስለ ሆነ የሰው ሁሉ ልብ ደስ ይለዋል። የጥምቀት በዓል የሚውለውም በዚህ ወራት ነው።

በከተራ ዕለት፣ ጥር 10 ቀን፣ ታቦታቱ ከየአብያተ ክርስቲያናቱ ወጥተው ወደ ውኃ ዳር ይወርዳሉ፤ በድንኳንም ውስጥ ያድራሉ። በማግሥቱ ጥር 11 ቀን ካህናቱ በማለዳ ጸሎት አድርሰው ውኃውን ይባርካሉ፤ በሕዝቡም ላይ ይረጩታል። ከዚያ በኋላ ታቦታቱ በዝማሬና በእልልታ ታጅበው ወደየመንበራቸው ይመለሳሉ። የቅዱስ ሚካኤል ታቦት ግን የሚመለሰው ጥር 12 ቀን ነው። የኢትዮጵያ የጥምቀት በዓል ለዓለም ሁሉ የሚጠበቅ ቅርስ ሆኖ በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ ተጽፏል።

በዚህ በዓል በሜዳው ላይ የሚሰማው ድምፅ ሁለት ወገን ነው። አንደኛው የቤተ ክርስቲያን ዜማ ነው። ይህንንም ዜማ በ6ኛው መቶ ዓመት የነበረው ቅዱስ ያሬድ እንደ ደረሰው ይነገራል፤ ስልቱም ግዕዝ፣ ዕዝልና ዓራራይ ይባላል። ካህናቱ በአንድ እጃቸው መቋሚያ፣ በሌላው ጸናጽል ይዘው ያሸበሽባሉ፤ ከበሮውም ልክ ልኩን ይመታል። ሁለተኛው የሕዝቡ ዘፈን ነው። እረኛው በዋሽንት ይጫወታል፤ ልጃገረዶች ክብ ሠርተው እያጨበጨቡ ይዘፍናሉ፤ ጎበዛዝቱም በእስክስታ ትከሻቸውን ይሰብቃሉ። አዝማሪውም ማሲንቆውን ይገዘግዛል። ማሲንቆ ከፈረስ ጭራ የተሠራ አንድ አውታር ብቻ ያለው፣ ሆዱ በቆዳ የተለበጠ መሣሪያ ነው። አውታሩ አንድ ብቻ ሲሆን የሰውን ደስታና ኀዘን ሁሉ ይናገራል።

በደጀን በአንድ ትምህርት ቤት የሚማሩ ሦስት ባልንጀሮች ነበሩ። አንደኛው የነጋዴ ልጅ፣ ሁለተኛው የገበሬ ልጅ ነበረ። ሦስተኛው ግን ወደ ከተማዋ ከመጣ ብዙ ጊዜ ስላልሆነው አባቱ ማን እንደ ሆነ የሚያውቅ አልነበረም። ሲጠይቁትም «አባቴ መንገደኛ ነው» ከማለት በቀር ሌላ ነገር አይጨምርም ነበር። ስለዚህ «እንግዳው» ብለው ይጠሩት ጀመር። ነገር ግን በትምህርቱ ብርቱ፣ በጠባዩም ጨዋ ስለ ነበረ ሁለቱም ወደዱት።

ጥምቀት በደረሰ ጊዜ ሦስቱ ቀኑን አብረው ሊውሉ ተስማሙ። የነጋዴው ልጅ ብርቱካን፣ የገበሬው ልጅ እናቱ የጋገረችለትን ድፎ ዳቦ፣ እንግዳውም የሽምብራ ቆሎ ይዘው መጡ። ከሕዝቡም ብዛት የተነሣ ቢጠፋፉ በሜዳው ዳር ካለው ከትልቁ ወይራ ሥር ሊገናኙ ተቀጣጠሩ።

በማለዳ የጸሎቱን ሥርዓት ቆመው አዩ። ታቦታቱም በተነሡ ጊዜ ከሕዝቡ ጋር ሆነው ሸኙ። ከበሮው በመጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ በኋላም እየፈጠነ ሲመታ የሦስቱም እግር ሳያስቡት ይነሣና ይወድቅ ነበር። ከዚያ ወዲያ ወደ ሜዳው ተመልሰው ከአንዱ ክብ ወደ ሌላው ክብ ሲዘዋወሩ አረፈዱ። በአንደኛው ክብ አንዲት ልጃገረድ ታወጣለች፤ ሌሎቹ ይቀበሏታል። በሌላው ክብ ጎልማሶች ዱላቸውን ከፍ አድርገው ይጨፍራሉ። የደስታው ብዛት ረኃባቸውን አስረሳቸው።

ቀትር ሲሆን ብዙ ሰው ወደ ተሰበሰበበት አንድ ስፍራ ደረሱ። በመካከሉ አንድ አዝማሪ ቆሞ ማሲንቆውን እየገዘገዘ ይዘፍን ነበር። በፊቱ የቆመውን ሰው ሁሉ ስሙን እየጠየቀ ወዲያው በግጥሙ ውስጥ ያገባው ነበር። የነጋዴውንም ልጅ ስሙን ጠይቆ አሞገሰው። ልጁ እጅግ ደስ አለው፤ ከሰው ሁሉ አብልጦ አጨበጨበ፤ «ድገመው! ድገመው!» እያለም ጮኸ።

አዝማሪው ዘፈኑን ጨርሶ ሽልማት ሊቀበል በዞረ ጊዜ ግን የነጋዴው ልጅ የያዘውን ብር ወደ ኪሱ መለሰ። ወደ ባልንጀሮቹም ዘወር ብሎ፣ «ለአዝማሪ ምን ይሰጣል? አዝማሪ ሥራ ፈት ለማኝ ነው። አባቴ በደጃፋችን እንኳ እንዲቆም አይፈቅድም» አለ።

አዝማሪው ይህን ሰማ። ቀና ብሎም ሲመለከት ዓይኑ በእንግዳው ልጅ ላይ ዐረፈ። ልጁ ፊቱን ወደ መሬት አቀረቀረ። አዝማሪው አንድ ነገር ሊናገር አፉን ከፈተ፤ ነገር ግን ምንም ሳይናገር መልሶ ዘጋው፤ ልጁንም እንዳላየ ሆኖ ወደ ሌሎች ሰዎች አለፈ።

የገበሬው ልጅ ይህን አስተውሎ፣ «ይህ ሰው ያውቅሃልን?» ብሎ እንግዳውን ጠየቀው።

«አላውቀውም» አለ ልጁ። ድምፁም ተንቀጠቀጠ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሁለቱ ባልንጀሮች ዘወር ብለው ቢያዩ ሦስተኛው ከአጠገባቸው አልነበረም። ስሙን እየጠሩ ፈለጉት፤ አላገኙትም። እንደ ቀጠሯቸው ወደ ወይራው ዛፍ ሄዱ፤ በዚያም አልነበረም። ከዛፉ ሥር ግን አንድ ሽማግሌ መሪጌታ መቋሚያቸውን ተደግፈው ዐርፈው ነበርና ልጆቹ እጅ ነሥተው ጠየቋቸው።

መሪጌታውም የልጁን መልክና ልብስ ከሰሙ በኋላ፣ «ትናንት በከተራ ማታ አየሁት። የአባቱን ማሲንቆ በጀርባው አዝሎ ከአዝማሪው ኋላ ኋላ ይሄድ ነበር» አሉ።

የነጋዴው ልጅ ይህን ሲሰማ ደነገጠ፤ የተናገረውንም ነገር ሳይሸሽግ ለመሪጌታው ነገራቸው።

መሪጌታውም እንዲህ አሉ፤ «ልጄ፣ እኔ ዛሬ ማለዳ ስዘምር ሰምተሃል፤ እጄንም ስመህ ነበር። አዝማሪ የሚባለው ቃልና መዝሙር የሚባለው ቃል ግን ሁለቱም ዘመረ ከሚል ከአንድ የግዕዝ ግሥ የወጡ ናቸው። የዘፈኑ ስፍራ ልዩ ልዩ ቢሆን እንኳ ዘፋኙን ለመናቅ ምክንያት አይሆንም። ደግሞም አባቴ አርበኛ ነበሩና የነገሩኝን ልንገራችሁ። የፋሺስት ጦር አገራችንን በያዘ ጊዜ፣ በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ፣ በአዲስ አበባ ብዙ ሺህ ሰው ተገደለ። ከዚያም ግራዚያኒ እየዞሩ የሚዘፍኑና ትንቢት የሚናገሩ ሰዎች ተይዘው እንዲገደሉ አዘዘ። ስለ ምን ይመስላችኋል? የእነርሱ ቃል ከሰው ወደ ሰው እየተላለፈ የሕዝቡን ልብ እንዳያጠነክር ስለ ፈራ ነው። በዚህ በጎጃምም አርበኞች እስከ 1933 ዓ.ም. ድረስ በዱርና በገደል ሲዋጉ አዝማሪ የጀግናውን ሥራ ያወድስ፣ የፈሪውን ነውር ይገልጥ ነበር። ጠላት የፈራውን ሰው ወገኑ ሊንቀው ይገባልን?»

ልጆቹ መልስ አጡ። መሪጌታውን አመስግነው ባልንጀራቸውን ለመፈለግ ተነሡ። ብዙም ከዞሩ በኋላ በአንድ አውድማ ዳር ከጭድ ክምር ኋላ ተቀምጦ ሲያለቅስ አገኙት።

የነጋዴው ልጅ በፊቱ ቆሞ፣ «ወንድሜ ሆይ፣ በአባትህ ላይ ክፉ ነገር ተናግሬአለሁና ይቅር በለኝ» አለው።

ልጁም፣ «አንተ አባቴን ሳታውቀው ሰደብኸው፤ እኔ ግን እያወቅሁት ካድሁት። የማን በደል ይበልጣል?» ብሎ መለሰለት።

ከዚህ በኋላ ሦስቱ አብረው ወደ አዝማሪው ሄዱ። ልጁም በአባቱ ጉልበት ላይ ወድቆ፣ «አባዬ፣ ስላፈርሁብህ ይቅር በለኝ» አለ።

አባቱም አነሣውና፣ «ልጄ፣ እኔ ሳልጠራህ ያለፍሁት ባልንጀሮችህን እንዳታጣ ብዬ ነው። አንተ ስታፍር ከማይ እኔ የማላውቅህ ብሆን ይሻላል ብዬ ነበር» አለው። ይህን ሲናገር በዙሪያው የቆሙት ሁሉ ልባቸው ተነካ።

የነጋዴውም ልጅ ብሩን ከኪሱ አውጥቶ በሁለት እጁ አቀረበለት። አዝማሪው ፈገግ ብሎ፣ «ብሩን እቀበልሃለሁ፤ የሥራዬ ዋጋ ነውና። ስድቡን ግን እዚሁ ሜዳ ላይ ጥለኸው ሂድ» አለው። የገበሬው ልጅ ድፎ ዳቦውን ቆረሰ፤ ብርቱካኑና ቆሎውም ወጣ፤ አራቱም በአንድነት በሉ። ማታ ሕዝቡ ወደ ቤቱ ሲመለስ ልጁ የአባቱን ማሲንቆ በሰው ሁሉ ፊት በትከሻው ተሸክሞ በመንገዱ መካከል ሄደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የአባቱን ሥራ የሚጠይቀው ሰው ሲመጣ «አባቴ አዝማሪ ነው» ብሎ ይመልስ ነበር።

ብዙ ሰዎች በሌላው ሰው የእጅ ሥራ እየተጠቀሙ ሠራተኛውን ይንቃሉ። የሸማኔውን ሸማ ለብሰው ሸማኔውን፣ ቀጥቃጩ በሠራው ማረሻ አርሰው ቀጥቃጩን፣ ሸክላ ሠሪዋ በሠራችው ድስት በልተው ሸክላ ሠሪዋን ይሰድባሉ። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ይህ ልማድ አገርን እንደሚጎዳ ተመልክተው ሰው በሥራው ምክንያት እንዳይሰደብ በ1900 ዓ.ም. ዐዋጅ አስነግረው ነበር። ዐዋጅ የአፍን ስድብ ሊከለክል ይችላል፤ የልብን ንቀት የሚያስወግደው ግን ሰው ራሱ ነው።

ልጆች ሆይ፣ በበዓል ቀን ከባልንጀሮቻችሁ ጋር ስትውሉ ዘፈኑ ደስ ቢላችሁ ዘፋኙን አክብሩ። ወላጆቻችሁም የሚያሳድጓችሁ በእውነተኛ ሥራ ከሆነ ሥራቸው ምንም ዝቅ ያለ ቢመስል አትፈሩበት፤ አትሸሽጉትም።

ጥያቄ

1. ታቦታቱ በከተራ ዕለት ወደ የት ይወርዳሉ?
2. ማሲንቆ ስንት አውታር አለው? ከምንስ ይሠራል?
3. አዝማሪው ልጁን አይቶ ሳይጠራው ያለፈው ስለ ምን ነው?
4. ግራዚያኒ እየዞሩ የሚዘፍኑትን ሰዎች የፈራቸው ስለ ምን ነበር?
5. ከነጋዴው ልጅና ከአዝማሪው ልጅ የማን በደል ይበልጣል ትላላችሁ? ምክንያቱን አስረዱ።