ዘበኛው ስም ብቻ ሲጠይቅ

በ1987 የወጣውና ዛሬም በነፃ የሚገኘው ኔትሃክ የተባለ የተርሚናል ጨዋታ ውስጥ በሁሉም በኩል የተዘጉ የወርቅ ግምጃ ቤቶች አሉ። ግድግዳውን ሰርስራችሁ ገብታችሁ ጥቂት ከቆያችሁ ዘበኛ ይመጣና ማንነታችሁን ይጠይቃል። የራሳችሁን ስም ከነገራችሁት ወርቁን ጥላችሁ እንድትከተሉት ያዛል። በሀብቱ የታወቀው የጥንቱ የልድያ ንጉሥ ክሮይሰስ ነኝ ካላችሁት ግን ይቅርታ ጠይቆ ይሄዳል!

ኮዱን ከፍታችሁ ብታዩ ምርመራው የጽሑፍ ማወዳደር ብቻ ነው፤ ትልቅና ትንሽ ፊደል እንኳ አይለይም። አንድ ብልህ ነገር ግን አለው። በዚያው ጨዋታ ክሮይሰስን አስቀድማችሁ ገድላችሁት ከሆነ «ከሞት ተነሣህ እንዴ» በሚል ዓይነት መልስ ይዋጋችኋል። ሠራተኛ ከለቀቀ በኋላም አካውንቱ ክፍት የሚቆይበት ሲስተም ከዚህ ዘበኛ ያንሳል።

ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ (5ኛው እትም) የተሻለ ጠባቂ አለው። «አላርም» የሚባለው አስማት ሲዘረጋ ማን ቢገባ ዝም እንደሚል ባለቤቱ አስቀድሞ ይወስናል፤ ዝርዝሩ የሚይዘው ፍጡሩን ነው፣ መልኩን ወይም የሚናገረውን ስም አይደለም። መልክ መቀየሪያው አስማት ደግሞ የሚያታልለው ዓይንን ብቻ ነው። በአስማት ኮፍያ የደፋን ሰው ብትዳስሱት እጃችሁ በኮፍያው ውስጥ ያልፋል። ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ የምንለው ይኸው ነው፦ አንዱን መንገድ ያታለለ ሌላውን አያታልልም።

አሁን የኔትሃክን ዘበኛ አማርኛ እናስተምረው። ትልቅና ትንሽ ፊደል የለንም፤ በምትኩ ኃይሉ፣ ሀይሉ፣ ሃይሉ፣ ሐይሉ አሉን። ለጆሮ አንድ፣ ለኮምፒውተር አራት ስም ናቸው። የዩኒኮድ ኖርማላይዜሽንም አያዋህዳቸውም። ስለዚህ ኃይሉ ስልኩ ላይ «ሀይሉ» ብሎ ሲጽፍ ከራሱ በር ይመለሳል፤ አስመሳዩ ደግሞ «ሐይሉ» ብሎ ይመዘገብና ከጓደኞቹ ወርቅ ይለምናል።

ሁለት ዓምድ ያዙ። አንዱ ስሙን እንደተጻፈ ያስቀምጣል፤ ሌላው ለማወዳደር ብቻ ነው፣ ምዝገባም መግቢያም የሚመለከቱት እሱን ነው። ለሰባቱ ቅርጾች ስሌቱ ቀላል ነው፦ ከሐ ቤት ኮድ 16፣ ከኀ ቤት 128 ስትቀንሱ ሀ ቤት ትደርሳላችሁ። ሠ ላይ 16 ስትጨምሩ ሰ ይመጣል፤ ከፀ 8 ሲቀነስ ጸ፣ ከዐ 48 ሲቀነስ አ። ከዚያ ሃን ወደ ሀ፣ ኣን ወደ አ መልሱ። ብዙ ጀማሪ የሚረሳው ይህችን የመጨረሻዋን ነው።

የማወዳደሪያውን ዓምድ ግን ለማንም አታሳዩ። በግዕዝ ሠረቀ በሠ «ወጣ»፣ ሰረቀ በሰ «ሌባ ሆነ» ነው። ሠረቀ ብርሃን የሚባል ተጫዋች ስሙ በሰ ተጽፎ ቢያየው ብርሃን ሰራቂ አድርጋችሁታል።

ስሙ ከገጠመ በኋላም የይለፍ ቃል ጠይቁ፤ የኔትሃኩ ዘበኛ የዘለለው ይህንን ነው። ኮዳችሁን ለመፈተን ፀሐይ፣ ጸሀይ፣ ፀሃይ እና ጸኃይ አስገቡ፤ አራቱም አንድ ቁልፍ ላይ መውደቅ አለባቸው።