በላም ግት ውስጥ ከመድኃኒት ስለሚያመልጡት ረቂቃን ተሕዋስያን

የላም ግት በሽታ ከብት ባለበት አገር ሁሉ የታወቀ ነው። ግቱ ያብጣል፥ ይግላል፤ ወተቱም ይቀጥናል፥ ወይም የረጋ ቍራጭ እየተቀላቀለበት ይወጣል። ይህን በሽታ ከሚያመጡት አንዱ ስታፊሎኮከስ አውሬውስ የሚባለው ረቂቅ ተሕዋሲ ሲሆን፥ በኢትዮጵያም ከታመሙ ላሞች በተወሰደ ወተት ውስጥ ብዙ ጊዜ ተገኝቷል። ባለ ከብቱ መድኃኒት ያስወጋል፤ እብጠቱም በጥቂት ቀን ይጐድላልና ላሚቱ ዳነች ይባላል። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ግን በሽታው በዚያው ጡት ላይ ይመለሳል። በዚህ ጊዜ ሰዎች መድኃኒቱ የተበላሸ ነው፥ ወይም ሐኪሙ አላወቀበትም ማለት ይወዳሉ። እንዲህ የሚሆንበት ጊዜ አይታጣም። ዳሩ ግን መድኃኒቱ ደኅና፥ ሐኪሙም ዐዋቂ ሆኖ ሳለ በሽታው የሚመለስበት ሌላ ምክንያት አለ፤ እርሱንም ለመረዳት አስቀድሞ ተሕዋሲው የሚኖርበትን ኃይል ከየት እንደሚያገኝ ማወቅ ያሻል።

ተሕዋሲው አንድ ሕዋስ ብቻ ነው፤ ዙሪያውንም እጅግ የሳሳ ገለፈት ከቦታል። በዚህ ገለፈት ውስጥ ከምግቡ የተገኙትን ኤሌክትሮኖች እጅ በእጅ የሚቀባበሉ ክፍሎች በተራ ተሰልፈዋል፤ ሲቀባበሉም ፕሮቶን የሚባሉትን ቅንጣቶች ወደ ውጭ ይገፋሉ። በውጭ የተከማቹት ፕሮቶኖች በግድብ እንደ ታቈረ ውሃ ወደ ውስጥ ለመመለስ ይጫናሉ፤ የሚመለሱበትም በር እንደ ውሃ ወፍጮ በእውነት የሚሽከረከር ነው፤ ሲሽከረከርም ለሕዋሱ ሥራ ሁሉ የሚሆነውን ኤቲፒ የሚባለውን ስንቅ ያዘጋጃል። ይህን ነገር እንግሊዛዊው ፒተር ሚቸል በፈረንጅ አቈጣጠር በ1961 ዓ.ም. ባሳተመ ጊዜ ብዙ ሊቃውንት አልተቀበሉትም ነበር፤ በ1978 ዓ.ም. ግን ስለዚሁ ሥራው የኖቤል ሽልማት አገኘ። በገለፈቱ ውስጥና ውጭ መካከል ያለው የኤሌክትሪክ ልዩነት ከአንድ ቮልት ሺህኛ ክፍል 150 ያህል ነው። ቍጥሩ ጥቂት ይመስላል፤ ነገር ግን የገለፈቱ ውፍረት ከአንድ ሚሊሜትር መቶ ሺህኛ ክፍል የሚያንስ ስለ ሆነ፥ በሜትር ቢሰላ ከ10 ሚሊዮን ቮልት ይበልጣል። ውስጡ ነጌቲቭ፥ ውጭው ፖዚቲቭ ነው።

ስትሬፕቶማይሲን የተባለውን መድኃኒት አልበርት ሻትዝ በ1943 ዓ.ም. በአሜሪካ፥ በኒው ጀርሲ፥ በሰልማን ዋክስማን ቤተ ሙከራ ሳለ አገኘው፤ ምንጩም በአፈር ውስጥ የሚኖር ሌላ ረቂቅ ተሕዋሲ ነው። ስትሬፕቶማይሲንና ዘመዱ ጄንታማይሲን የፖዚቲቭ ኃይል ያላቸው ናቸውና፥ ነጌቲቭ የሆነው የተሕዋሲው ውስጥ ይስባቸዋል። እንግዲህ ተሕዋሲው ገዳዩን በገዛ ኃይሉ ጐትቶ ወደ ቤቱ ያስገባል ማለት ነው። መርዙም ከገባ በኋላ ፕሮቲን በሚሠራበት ክፍል ላይ ተጣብቆ ሥራውን ያሳስተዋል። ያለ አየር ብቻ የሚኖሩት ተሕዋስያን በእነዚህ መድኃኒቶች የማይጎዱበትም ምክንያት ይኸው ነው፤ የሚስባቸው በቂ ኃይል የላቸውም።

የኤሌክትሮኑ ቅብብሎሽ እንዲፈጸም ሄም የሚባለው፥ በደማችንም ብረትን የሚይዘው ነገር፥ ደግሞም የቪታሚን ኬ ወገን የሆነው ሜናኪኖን ያስፈልጋሉ። ከተሕዋስያኑ አንዱ ከሁለቱ አንዱን የሚሠራበት የዘር ትእዛዝ በለውጥ ቢበላሽበት ሰልፉ ይቋረጣል፤ የገለፈቱም ኤሌክትሪክ ይወድቃል። መድኃኒቱ በደጅ ሞልቶ ሳለ ወደ ውስጥ የሚገባው ጥቂት ብቻ ይሆናል። እንዲህ ያለው ተሕዋሲ ድኻ ነው፤ ስኳሩን እርጎ እንደሚያኮመጥጡት ተሕዋስያን ወደ አሲድ እየለወጠ በዝግታ ይኖራል። ጤነኛው ዘር በምርመራ ሳሕን ላይ በአንድ ቀን በዓይን ሲታይ፥ ይህ ሁለትና ሦስት ቀን ይፈልጋል፤ መጠኑም ከጤነኛው ዐሥረኛ እጅ ያህል ነው። ሳሕኑን በማግሥቱ የሚጥል መርማሪ በሽታ የለም ብሎ ቢጽፍ አያስደንቅም።

ይህን ለውጥ መድኃኒቱ ራሱ የፈጠረው የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው፤ እንዲህ አይደለም። ሳልቫዶር ሉርያና ማክስ ዴልብሩክ በ1943 ዓ.ም. ባሳተሙት ሥራ፥ ተሕዋስያንን በብዙ ልዩ ልዩ ብልቃጥ አሳድገው ከገዳያቸው ቫይረስ ጋር አገናኟቸው። ለውጡ ከገዳዩ የተነሣ ቢሆን ኖሮ የሚተርፉት በየብልቃጡ ተቀራራቢ በሆኑ ነበር፤ ነገር ግን በአንዳንዱ ብልቃጥ አንድም አልተረፈም፥ በአንዳንዱ ግን እጅግ ብዙ ተረፉ። የለወጠው ቀን ከገዳዩ መምጣት በፊት ነበር፤ በቶሎ የተለወጠው ብዙ ልጆች ወልዶ ስለ ቈየ ነው። እንክርዳዱ ስንዴው ሳይዘራ በዘሩ ውስጥ እንደሚገኝ ያለ ነገር ነው። በታመመ ግት ውስጥ ተሕዋስያኑ እጅግ ብዙ ሲሆኑ ከመካከላቸው ጥቂት ኃይለ ቢሶች ቀድመው ሊገኙ ይችላሉ።

መድኃኒቱ ብርቱዎቹን ይገድልና ለድኾቹ ቦታውን ያስለቅቅላቸዋል። እነርሱም በግቱ ሕዋሳት ውስጥ፥ መድኃኒት በጭንቅ በሚደርስበት ስፍራ ይሸሸጋሉ፤ መርዛቸውም ጥቂት ስለ ሆነ ላሚቱ የዳነች ትመስላለች። መድኃኒቱ ሲቀር ከመካከላቸው በዳግመኛ ለውጥ የቀድሞ ኃይሉን የሚያገኝ ይነሣል፤ ያን ጊዜ ግቱ እንደ ገና ያብጣል። ላም በአንድ መርፌ ብቻ ጀምሮ ማቆም፥ ወይም የአንዷን መጠን ለሁለት ላሞች ማካፈል፥ ለእነዚህ ተራፊዎች እንደ መልካም ዕድል ነው። ሙሉ መጠን ቢሰጥም እንኳ ሁልጊዜ አይፈውስም፤ ደጋግማ የታመመች ላም ከመንጋው ብትለይ ይሻላል።

መድኃኒት መለወጥም በግምት የሚደረግ አይደለም። ቴትራሳይክሊንን የሚቋቋሙ ብዙ ተሕዋስያን መድኃኒቱን ወደ ውጭ የሚተፉት በዚሁ በገለፈቱ ኃይል ነው፤ አንዱን መርዝ የሚስበው ኃይል ሌላውን ያስወጣል። ስለዚህ ምርጫው የእንስሳት ሐኪም እንጂ የመድኃኒት ነጋዴ ሊሆን አይገባም፤ የየወረዳው ሹማምንትም በገበያ ቀን ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጠውን መርፌ ሊከለክሉ ያስፈልጋል።

ወተት ለምርመራ የሚላከው መርፌ ሳይጀመር ነው። የጡቱ ጫፍ ታጥቦና ደርቆ የመጀመሪያው ወተት ይጣላል፤ የቀረው በተቀቀለ ብልቃጥ ተይዞ በበረዶ ይላካል። በደብዳቤውም ላሚቱ ከዚህ በፊት ምን መድኃኒት እንደ ተሰጣትና ስንት ቀን እንደ ወሰደች ይጻፍ፤ ሳሕኑም እስከ ሦስት ቀን እንዲቈይ ይጠየቅ። መልሱ እስኪመጣ ድረስ አላቢው ያችን ላም ከሁሉ በኋላ ይለባት፤ እጁንም በሳሙና ይታጠብ።