«ጃጅተዋል» ከማለታችን በፊት እንጠይቃቸው

እናት ጀበናውን ሲያነሱ ልጃቸው ሮጣ ትቀማቸዋለች። «ተይው እማዬ፣ ትቃጠያለሽ!» በማግስቱ ከሰሉን፣ በሳምንቱ ረከቦቱን ትደብቅባቸዋለች። በክፋት አይደለም፤ ሰግታላቸው ነው። ነገር ግን ወር ሳይሞላ፣ ጎረቤት ሁሉ በቡናቸው የሚያውቃቸው እናት ከጠዋት እስከ መግሪብ ግድግዳ ተደግፈው የሚውሉ ሆኑ። እንግዳ ሲመጣም እዚያው ፊታቸው «ጃጅተዋል» ይባላል። (የማይሰሙ ይመስለናል እንጂ ይሰማሉ!)

ውድ አንባቢያን! ሐኪሞች ዲሜንሺያ የሚሉት የመርሳት ሕመም የአንጎል በሽታ እንጂ የእርጅና ጸባይ ብቻ አይደለም። ዋነኛውን ዓይነት ጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዛይመር በ1906 እ.ኤ.አ. ገልጾታል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከ55 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ከዚህ ሕመም ጋር ይኖራሉ፤ ከግማሽ የሚበልጡትም ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። ሕመሙ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከትናንትናው ትዝታ ነው። እጅ ለዓመታት የለመደው ሥራ ግን አዘውትሮ ዘግይቶ ይሄዳል። የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የእንቅርት ዕጢ መታወክና ድባቴም ሰውን ሊያስረሱ ስለሚችሉ፣ እነዚህም ሊታከሙ ስለሚችሉ፣ በመጀመሪያ ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል።

ታዲያ የቀረው ችሎታ ለባለቤቱ ለምን አይውልም? በፕሮፌሰር ሊንዳ ክሌር መሪነት በእንግሊዝና በዌልስ የተካሄደ፣ በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ይህንኑ ፈትኗል። ሕመማቸው ያልከፋ 475 ሰዎች ተካፈሉበት። ከፊሎቹን ባለሙያ በ3 ወር ውስጥ 10 ጊዜ፣ በቀጣዮቹ 6 ወራት ደግሞ 4 ጊዜ እየጎበኘ፣ ራሳቸው በመረጡት ግብ ላይ አብሯቸው ሠራ። በግባቸው ላይ የታየው መሻሻል ጉብኝቱ ካልደረሳቸው ሰዎች በግልጽ በለጠ። የማስታወስ ፈተና ውጤታቸው ግን አልተለወጠም። ስለዚህ ይህ በሽታውን የሚመልስ መድኃኒት ነው ብለን ማንንም አናታልል።

ከሁሉ የሚከብደው ግቡ የማን ነው የሚለው ነው። ልጆችን ብንጠይቅ «አንድ ነገር ደጋግማ እንዳትጠይቀን» ይሉናል። ይህ የልጆች ዕረፍት እንጂ የእናት ግብ አይደለም። እናት ቢጠየቁ «ለጎረቤቶቼ ቡና ላፍላ» ይሉ ይሆናል። እንግዲህ ዛሬ ከ10 ስንት ይችሉታል? 3 ከሆነ የጎደለው የቱ ላይ እንደሆነ ይታያል። ምናልባት መቁላቱም መውቀጡም አልጠፋባቸውም፤ የሚጠፋባቸው ጀበናው እሳት ላይ መሆኑ ብቻ ነው። እንግዲያው ልጅቷ እስኪወርድ አጠገባቸው ትቀመጥ። ዕቃው ሁልጊዜ አንድ ቦታ ይቀመጥ። «እስቲ አስታውሺ፣ ስኳሩ የት ነበር?» እያሉ መፈተን አይጠቅምም፤ በግምት የተሳሳቱት ስሕተት ራሱ ሊለመድ ይችላልና። አስቀድሞ ማሳየት ይሻላል።

የሶላትም ነገር እንዲሁ ነው። አእምሮው ፈጽሞ ከሄደ ሰው ላይ ግዴታው እንደሚነሳ ዑለማዎች ያስተምራሉ፤ በመካከል ስላለው ሰው ደግሞ ዓሊም ይጠየቅ። አባት ግን «እንደ ድሮዬ መስገድ እፈልጋለሁ» ካሉ ግባቸው ይኸው ነው። ረከዓ የሚጠፋባቸው ብቻቸውን ሲሰግዱ ከሆነ፣ ልጃቸው ኢማም ሆኖ ከኋላው ይከተሉት። የውዱኡን ቅደም ተከተልም ከጎናቸው ሆኖ አብሯቸው ያድርግ። «አሁን ሰግደህ የለም እንዴ!» የሚለውን ቁጣ ግን ይተወው። ሶላታቸውን የማስታወስ ፈተና አድርገንባቸው በኀፍረት መስገጃውን የሸሹ አባት ቢኖሩ ተጠያቂው ማን ነው?

ሕመሙ እየገፋ ሲሄድ ግቡም ይለወጣል። ማፍላቱ አልሆን ሲል እናት ቡናውን ይልቀሙ። ልቀማውም ሲያቅት ልጅቷ ትቁላ፤ እናት ከጎረቤቶቻቸው መካከል ይቀመጡ፣ አቦሉም በመጀመሪያ ለእሳቸው ይቀዳ።