ጉንፋን መስሎ የሚጀምረው አር ኤስ ቪ፦ መከላከያውና ሕክምናው

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ አዲስ አበባ የምኖር የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። የመጀመሪያ ልጄ በሁለት ወሩ ጉንፋን ይዞት ትንፋሹ ስላጠረ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። ኦክስጅን እንጂ አንቲባዮቲክ ስላልሰጡት አማቴ «ያለ መድኃኒት አስተኙት» እያሉ እስከ ዛሬ ይቆጫሉ። አሜሪካ ያለችው እህቴ ደግሞ በእርግዝናዋ ወቅት የአር ኤስ ቪ ክትባት መውሰዷን ነገረችኝ። በሽታው ምንድን ነው? መድኃኒት የለውም ወይ? ክትባቱስ ይታመናል?

መልስ፦ እንኳን ልጅዎ ተረፈልዎት። ያለ ላቦራቶሪ ምርመራ ሕመሙ አር ኤስ ቪ ነበር ብዬ ልደመድም አልችልም፤ የጻፉልኝ ግን የእሱን አካሄድ ይመስላል። ጥያቄዎችዎን በየተራ ልመልስ።

በሽታው ምንድን ነው?

አር ኤስ ቪ የመተንፈሻ አካላትን የሚያጠቃ ቫይረስ ነው። ሁለት ዓመት ሳይሞላው በዚህ ቫይረስ ያልተያዘ ልጅ አይገኝም ማለት ይቻላል። ትልልቅ ልጆችንና ጤነኛ አዋቂዎችን አብዛኛውን ጊዜ እንደ ተራ ጉንፋን አሟቸው ያልፋል። በጨቅላ ሕፃናት ግን ወደ ታች ወርዶ ጥቃቅን የሳንባ ቧንቧዎችን ያሳብጣል፤ በአክታና በሞቱ ሴሎችም ይደፍናቸዋል። ሐኪሞች ብሮንኪዮላይተስ የምንለው ይህንን ነው። የአንድ ቧንቧ ስፋት በግማሽ ሲጠብ አየር ለማሳለፍ የሚያስፈልገው ጉልበት አሥራ ስድስት እጥፍ ይሆናል። የሕፃን ቧንቧ ድሮውንም ጠባብ ስለሆነ ትንሽ እብጠት ትንፋሹን ለማሳጠር ይበቃል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በየዓመቱ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ከ3.6 ሚሊዮን በላይ ሕፃናት በዚህ ቫይረስ ምክንያት ሆስፒታል ይተኛሉ፤ 100 ሺህ ያህል ደግሞ ይሞታሉ። ከሟቾቹ ግማሽ ያህሉ ስድስት ወር ያልሞላቸው ናቸው። 97 ከመቶ የሚሆነው ሞት የሚደርሰው እንደ እኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው።

መድኃኒት የለውም ወይ?

አማትዎን እባክዎ እንዲህ ብለው ያጽናኑልኝ፦ የልጅ ልጃቸው በደንብ ታክሟል። አንቲባዮቲክ ባክቴሪያን እንጂ ቫይረስን አይገድልም። ለአስም የሚሰጡት እንደ ሳልቡታሞል ያሉ መድኃኒቶችና ስቴሮይድም በተደጋጋሚ ተጠንተው ለብሮንኪዮላይተስ ይህ ነው የሚባል ጥቅም አላስገኙም። ልጁን የሚያድነው ኦክስጅን፣ የታፈነ አፍንጫውን ማጽዳት፣ ፈሳሽና ምግብ እንዳይቋረጥበት ማድረግ፣ ሲከፋም ትንፋሹን በግፊት ማገዝ ነው። ባንግላዲሽ ዳካ ውስጥ ከባድ የሳንባ ምች በያዛቸው ሕፃናት ላይ ተካሂዶ በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ በውኃ ጠርሙስና በፕላስቲክ ቱቦ የሚሠራ ቀላል የግፊት መሣሪያ በተለመደው ዝቅተኛ ኦክስጅን ከታከሙት ይልቅ ሞትን እንደሚቀንስ አሳይቷል።

ቫይረሱን በቀጥታ የሚያጠቃ መድኃኒት ፍለጋው ግን ቀጥሏል። ቻይና ውስጥ የተሞከረው ዚሬሶቪር የተባለው በአፍ የሚወሰድ መድኃኒት ሆስፒታል በተኙ ሕፃናት ላይ የሕመሙን ምልክቶች እንዳቀለለ በ2024 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ተስፋ ሰጪ ነው፤ የኦክስጅንን ቦታ ግን አይተካም።

ክትባቱስ ይታመናል?

መጠራጠርዎ ተገቢ ነው፤ የዚህ ክትባት ታሪክም ጥንቃቄን የሚያስተምር ነው። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ በፎርማሊን የተገደለ ቫይረስ ለሕፃናት በክትባት መልክ ተሰጠ። በአንዱ ጥናት ከተከተቡት 31 ሕፃናት 20ዎቹ በኋላ በቫይረሱ ተያዙ፤ 16ቱ ሆስፒታል ገቡ፤ ሁለቱ ሞቱ። ክትባቱ የፈጠረው ፀረ እንግዳ አካል ቫይረሱን ሳያመክን ሕመሙን አባብሶት ነበር። ከዚያ በኋላ ምርምሩ ለብዙ ዓመታት ተቀዛቀዘ።

መፍትሔው የተገኘው የቫይረሱ ኤፍ ፕሮቲን በቅርበት ሲጠና ነው። ቫይረሱ ወደ ሴል የሚገባው በዚህ ፕሮቲን ሲሆን፣ ቫይረሱ ወደ ሴሉ ከመግባቱ በፊትና በኋላ የፕሮቲኑ ቅርጽ ይለያያል። በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ይሠሩ የነበሩት ጄሰን ማክሌላን፣ ባርኒ ግራሃምና ባልደረቦቻቸው የመጀመሪያውን ቅርጽ በ2013 እ.ኤ.አ. ይፋ አደረጉ። ቫይረሱን አጥብቆ የሚያመክነው ፀረ እንግዳ አካል የሚያነጣጥረው በዚህ ቅርጽ ላይ ነው። ዛሬ ያሉት ሁለት መንገዶች የተሠሩት ከዚህ እውቀት ነው።

የመጀመሪያው እህትዎ የወሰዱት ዓይነት ለነፍሰ ጡር የሚሰጥ ክትባት ነው። የእናትየው ፀረ እንግዳ አካል በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ ፅንሱ ያልፋል። በ18 አገሮች ከ7 ሺህ በላይ ነፍሰ ጡሮች በተሳተፉበት ጥናት፣ ክትባቱ ሕፃናቱ ከተወለዱ በኋላ ባሉት ሦስት ወራት ከባድ ሕመምን 82 ከመቶ ያህል፣ በስድስት ወር ደግሞ 69 ከመቶ ያህል ቀንሷል። በተከተቡት እናቶች ዘንድ ያለ ጊዜ የተወለዱ ሕፃናት በትንሹ በዝተው ታይተዋል፤ 5.7 ከመቶ ከ4.7 ከመቶ ጋር ሲነጻጸር ማለት ነው። ልዩነቱ በአጋጣሚ የመጣ ሊሆን ቢችልም አሜሪካኖቹ ለጥንቃቄ ክትባቱ ከ32 እስከ 36 ሳምንት ባለው ጊዜ ብቻ እንዲሰጥ ወሰኑ። የዓለም ጤና ድርጅት ምክር ከ28ኛው ሳምንት ጀምሮ ነው።

ሁለተኛው ለሕፃኑ ለራሱ የሚወጋ ዝግጁ ፀረ እንግዳ አካል ነው። ቀድሞ የነበረው ፓሊቪዙማብ በየወሩ የሚወጋ ውድ መድኃኒት በመሆኑ ያለ ጊዜ ለተወለዱና የልብ ወይም የሳንባ ችግር ላለባቸው ብቻ ይሰጥ ነበር። አዲሱ ኒርሴቪማብ ግን አንዴ ተወግቶ ቢያንስ ለአምስት ወር ይከላከላል። በፈረንሳይ፣ በጀርመንና በብሪታንያ 8 ሺህ ያህል ሕፃናት በተሳተፉበት ጥናት ሆስፒታል መግባትን 83 ከመቶ ቀንሷል።

የዓለም ጤና ድርጅት በመጋቢት 2025 እ.ኤ.አ. የእናቶቹን ክትባት በተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች በኩል እንዲገዛ ብቁ ብሎ መዘገበ፤ በዚያው ዓመት ግንቦት ደግሞ ሁሉም አገሮች ከሁለቱ መንገዶች ቢያንስ አንዱን እንዲጀምሩ መክሯል። የእኔም እምነት ይኸው ነው፦ ሕፃናት በብዛት የሚሞቱት እኛ ዘንድ ሆኖ ሳለ መከላከያው መጨረሻ ላይ እኛ ጋ ሊደርስ አይገባም። እርስዎም በቅድመ ወሊድ ክትትልዎ ላይ ስለ ክትባቱ ሐኪምዎን ይጠይቁ።

እስከዚያው ምን ላድርግ?

አራስ ጥየቃ ደግ ባህላችን ነው፤ ጉንፋን የያዘው ጠያቂ ግን ሳልና ንፍጡ እስኪተወው ይቆይ፤ ሌላውም እጁን ታጥቦ፣ ሕፃኑን ሳይስም ይጠይቅ። ከሰልና እጣን ሕፃኑ ባለበት ክፍል አይጨስ። ስድስት ወር እስኪሞላው ጡት ብቻ ያጥቡት፤ ቅቤ አያስውጡት፤ ዓመት ሳይሞላው ማር አያልሱት፤ የሳል ሽሮፕም አይስጡት። ጉንፋን ሲይዘው አፍንጫውን በንጹሕ የጨው ውኃ ጠብታ አጽድተው ቶሎ ቶሎ፣ ትንሽ ትንሽ ያጥቡት።

ሕፃኑ ሲረጋጋ ልብሱን ገልጠው ትንፋሹን ለአንድ ደቂቃ ይቁጠሩ። ሁለት ወር ሳይሞላው 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከሁለት ወር እስከ ዓመት 50 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት። ሲተነፍስ የደረቱ ታች ወደ ውስጥ ከሰረጎደ፣ ካቃሰተ፣ መጥባት ካቃተው፣ ከንፈሩ ከጠቆረ፣ ትንፋሹ ከተቆራረጠ ወይም አልነቃ ካለ ግን ሌሊትም ቢሆን ሳይነጋ ሆስፒታል ያድርሱት። ቀድሞ ለደረሰ ሕፃን ኦክስጅን ሕይወቱን ያተርፋል።