የእንጨት ማለስለሻ መሣሪያ የውስጥ አሠራርና የሰፈራ ወርክሾፖች

በድርቅ ምክንያት ከቀዬው ተፈናቅሎ በአዲስ ቦታ የሚሰፍር ወገን ከእህል ዕርዳታ ቀጥሎ የሚያስፈልገው በገዛ ጉልበቱ የሚተዳደርበት ሥራ ነው። የአናጢነት ወርክሾፕ ለዚህ አንዱ መንገድ ነው፤ በር፣ መስኮት፣ የተማሪ ወንበርና የንብ ቀፎ እዚያው ሊሠራበት ይችላልና። ይሁን እንጂ በዕርዳታ የተገኘ መሣሪያ የውስጥ አሠራሩ ካልታወቀ ብዙ ሳያገለግል ከጥግ ይወድቃል። ለዚህ ምሳሌ እንዲሆነን ባለ ቺንጋውን የእንጨት ማለስለሻ እንመልከት።

1. ሞተሩ

በአገራችን የኤሌክትሪክ መስመር 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። በ110 ቮልት ብቻ እንዲሠራ የተበጀ ሞተር በዚህ መስመር ላይ ቢሰካ ይቃጠላል። ስለዚህ ተረካቢው ከመፈረሙ በፊት በሞተሩ ላይ የተለጠፈውን ሰሌዳ ማንበብ ይኖርበታል። ባለ ሦስት ፌዝ ሞተር ደግሞ ከሦስቱ ገመዶች ሁለቱ ቦታ ቢለዋወጡ ወደ ኋላ ይዞራል፤ በዚህም ጊዜ እንጨቱ መደገፊያውን ትቶ ሊወረወርና ሠራተኛውን ሊያቆስል ይችላል።

2. ሮለሮቹና ቺንጋው

ጫፍና ጫፉ የተጋጠመው የብርጭቆ ወረቀት ቺንጋ በሁለት ሮለሮች ላይ ይዞራል። አንደኛው ከሞተሩ ኃይል የሚቀበል ሲሆን ቺንጋው እንዳይንሸራተት ጎማ ይለብሳል። ሁለተኛው በሞላ እየተገፋ ቺንጋውን ይወጥራል። ዲያሜትሩ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሮለር በደቂቃ 2,850 ጊዜ ቢዞር ቺንጋው በሴኮንድ 15 ሜትር ያህል ይጓዛል።

ይህን ያህል የሚፈጥን ቺንጋ ከሮለሩ ሳይወጣ የሚቆየው በሁለት ብልሃት ነው። አንደኛ፣ ሮለሩ ከመካከሉ በጥቂቱ ያበጠ በመሆኑና ቺንጋ ምንጊዜም ወደ ከፍተኛው ቦታ ስለሚሳብ ነው። ሁለተኛ፣ የማስተካከያው ብሎን ሲዞር ወጣሪው ሮለር በጥቂቱ ስለሚያዘነብል ቺንጋውን ወደ መካከል መመለስ ይቻላል። ይህ ካልተስተካከለ የቺንጋው ጠርዝ ከመሣሪያው አካል ጋር እየተፋተገ ይቀደዳል። በመሆኑም አዲስ ቺንጋ ሲገባ በቅድሚያ ኤሌክትሪኩን ነቅሎ በእጅ ማዞር፣ ከዚያም ለአጭር ጊዜ አስነስቶ ብሎኑን ቀስ በቀስ ማስተካከል ይገባል።

እንጨቱን የሚቆርጠው የቺንጋው ፍሬ እንጂ የሠራተኛው ጉልበት አይደለም። እንጨቱ በኃይል ሲጫን ቺንጋው ይግላል፣ ሞተሩ ይዘገያል፤ ሲዘገይም ብዙ ኤሌክትሪክ ስለሚስብ ጥቅልሉ ሊቃጠል ይችላል። የብርጭቆ ወረቀት ቁጥር ሲበዛ ፍሬው ይደቃል፤ ስለዚህ ከ60 ተጀምሮ በ100 አልፎ በ150 ይፈጸማል።

3. ብናኙ

ደቃቁ ብናኝ ወደ ኩሽኔታው ሲገባ ከግራሶው ጋር ተቀላቅሎ ኩሽኔታውን ይበላዋል። በሰው ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ግን የከፋ ነው። የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት በ1995 እ.ኤ.አ. የእንጨት ብናኝን በሰው ላይ ካንሰር ከሚያስከትሉ ነገሮች መድቦታል። ከዚህም ሌላ ብናኙ በቀላሉ ስለሚቀጣጠል፣ ምስማር ያለበትን እንጨት በመሣሪያው ላይ ማለስለስ በሚፈጠረው ፍንጣሪ እሳት ሊያስነሳ ይችላል።

ከዚህ በላይ ከተገለጸው እንደምንረዳው፣ መሣሪያ መላክ ብቻውን ዕርዳታ አይሆንም። ከመሣሪያው ጋር መለዋወጫ ቺንጋና ኩሽኔታ፣ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ፣ ከሁሉም በላይ ከሰፋሪዎቹ መካከል ፈትቶ መግጠም የሠለጠነ ሰው ሊኖር ይገባል። ይህ ሲሟላ ወርክሾፑ ረጂው ከሄደ በኋላም ሥራውን ይቀጥላል።