አቀበትን አስቀድሞ ማወቅ

ቱሉ ዲምቱ በአዲስ አበባ ደቡብ ዳርቻ፥ በአቃቂ ቃሊቲ ይገኛል፤ ትርጓሜውም በኦሮምኛ ቀይ ኮረብታ ነው። በዚያ አቀበት ሊሮጥ የሚወድ ሰው ጉልበቱን በአንድ ቀን አይጨርስ፤ ዕለት ዕለት ጥቂት እየጨመረ መንገዱን፥ ፀሐዩንና ነፋሱን ይልመድ።

አበበ ቢቂላም በ1952 ዓ.ም. በሮም ማራቶን ከመሮጡ በፊት ከአሠልጣኙ ከኦኒ ኒስካነን ጋራ መንገዱን መረመረ፤ ያን ጊዜ በሮም ቆሞ ከነበረው ከአክሱም ሐውልት አጠገብ ሲደርስ ሊፈጥን ቈረጠ። ጳጉሜን 5 ቀን ማታ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር በባዶ እግሩ ሲሮጥ፥ በዚያው ስፍራ አብሮት የነበረውን የሞሮኮ ሯጭ ቀድሞ ድል አደረገ።

ልጆች ሆይ፥ ሰው ሁሉ ያየው የአንዱን ምሽት ሩጫ ነው፤ ድካሙ ግን አስቀድሞ ነበረ። እናንተም የፈተና ቀን ሳይደርስ ትምህርታችሁን አጥኑ።