ስድስት የመጫወቻ ጡቦች በስንት መንገድ ይገጣጠማሉ?

ልጆችን ከቴሌቪዥንና ከስልክ አርቆ በቤት ውስጥ ማቆየት ለብዙ ወላጆች ፈተና ነው። ተገጣጣሚ የፕላስቲክ ጡብ የያዘ ሕፃን ግን ለሰዓታት አንገቱን ደፍቶ ሲሠራና ሲያፈርስ ይውላል። ጥቂት ጡቦች ይህን ያህል ጊዜ የማይሰለቹት ለምን ይሆን? ከመልሱ ከፊሉ የሚገኘው በሒሳብ ውስጥ ነው።

ከእነዚህ መጫወቻዎች ይበልጥ የታወቀው የዴንማርኩ ሌጎ ሲሆን፣ ዛሬ የምናውቀው ጡብ የፈጠራ መብት የተጠየቀበት እ.ኤ.አ. በ1958 ነው። በላዩ ላይ በሁለት ረድፍ አራት አራት ጉጥ ያለውን ጡብ እንውሰድ። ሁለት ጡቦች በስንት መንገድ ይገጣጠማሉ?

የታችኛውን ሳንነካ የላይኛውን ብቻ እናዘዋውር። ሁለቱ በአንድ አቅጣጫ ሲጋደሙ በርዝመት 7፣ በወርድ 3 አማራጭ አለ፤ 7 × 3 = 21። የላይኛው መስቀለኛ ሲሆን 5 × 5 = 25። ድምሩ 46 ይሆናል። ይሁን እንጂ ቅርጹን በግማሽ ዙር ስናዞረው 44ቱ ጥንድ ጥንድ እየሆኑ ይመሳሰላሉ፤ ራሳቸውን የሚመስሉት መሐል ለመሐል የተቀመጡት 2 ብቻ ናቸው። ስለዚህ 44 ÷ 2 + 2 = 24። (ጡብ የሌለው አንባቢ በካሬ ወረቀት ሥሎ ሊያረጋግጥ ይችላል።)

ጡቦቹ ሦስት ሲሆኑ ቁጥሩ 1,060 ይደርሳል። ለስድስት ጡቦች ኩባንያው ለረጅም ዓመታት ይጠቅስ የነበረው 102,981,500 ነው። ስሌቱ ግን አንድ በአንድ የተደራረበ፣ ስድስት ደረጃ ያለው ማማ ብቻ የሚቆጥር ነበር። ለዚያውም (46⁵ + 2⁵) ÷ 2 ብለን ብናሰላ በ4 የሚበልጥ ውጤት እናገኛለን! ዋናው ጉድለት ግን ሕፃናት አዘውትረው የሚሠሯቸው በር፣ ድልድይና ወንበር ከቆጠራው መቅረታቸው ነው። የኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲው የሒሳብ ሊቅ ሶረን አይለርስ በኮምፒውተር ሁሉንም ሲያስቆጥር 915,103,765 ሆነ፤ ከ9 እጅ 8ቱ ያህል ተዘንግቶ ኖሯል ማለት ነው። ውጤቱን በራሱ ፕሮግራም ያረጋገጠው ሚከል አብራሃምሰን በወቅቱ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበር። ለማንኛውም የጡብ ብዛት የሚያገለግል ቀመር እስካሁን አልተገኘም።

ለአንባቢ የቀረበ ጥያቄ፦ አራት አራት ጉጥ ያላቸው ሁለት ካሬ ጡቦች በስንት መንገድ ይገጣጠማሉ? ካሬ በሩብ ዙርም ራሱን እንደሚመስል አይዘንጉ። (መልስ፦ 3)